ሽንት እምቢ ያለኝ ሳምንት

ሰኞ

የሽንት ቱቦው ዛሬም አለ። የኮንዶሚኒየም ሽቦ ስዘረጋ ከመሰላል ወድቄ ወገቤን ከተመታሁ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነው። እግሬ ይሄዳል፤ ሽንቴ ግን በራሱ አይወጣም። የሽንት ከረጢቱን በጋቢ ሸፍኜ እቀመጣለሁ። ሰው በገባ ቁጥር ላብ በላብ እሆናለሁ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝና ዶክተሯ በኔው ቋንቋ አስረዳችኝ። አንዱ ነርቭ ከወገብ፣ ሌላው ከዚያ ዝቅ ብሎ ይነሳል። አንዱ ሽንትን «ያዝ»፣ ሌላው «ልቀቅ» ይላል። ፊኛው አጠገብ ይገናኛሉ፤ እንደ ማከፋፈያ ሳጥን። ከዚያው ሳጥን ወደ... ወንድነትም መስመር ይሄዳል። «ነርቩ ተጫነ እንጂ አልተበጠሰም፣ ይመስለኛል» አለች። ይመስለኛል! እኔ «ይመስለኛል» እያልኩ ሽቦ ብነካ ኖሮ ድሮ ሞቼ ነበር።

ማክሰኞ

ከሰናይት ጋር ከተጋባን ገና ስምንት ወራችን። ስለዚያኛው ጉዳይ ዶክተሯን መጠየቅ አፈርኩ። ሰናይትም አትጠይቀኝም። ከረጢቱን ብቻ ትደፋለች። አለመጠየቋ ነው የሚገድለኝ።

ነገ ቱቦው ይወጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በራሴ ካልሸናሁ ተመልሶ ይገባል። ለልደታ ማርያም ጥላ ተሳልኩ። ለሽንት ጥላ! ይቅር ትበለኝ።

ረቡዕ

ሦስት ሰዓት ላይ ሐኪም ቤት ቱቦው ወጣ። ቤት ገብቼ ከጀሪካን ውሃ እየቀዳሁ በላይ በላዩ ጠጣሁ። አምስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ምንም። ሆዴ ተወጠረ። ነርሷ «ቧንቧ ክፈትና ድምፁን ስማ» ብላኝ ነበር። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የለም!

ሰባት ሰዓት ላይ ጠያቂ መጣ። የግቢያችን ትልቅ ሰው እማማ ብርቄ ከፊት፣ አራት የእድር ሰዎች ከኋላ። ተቀመጡ። የምሸናበት ፖፖ አልጋው ሥር፣ እነሱ ፊቴ፤ ማን ይነሳል? ስለ ዝናቡ ተወራ። ስምንት ሰዓት አለፈ። እማማ ብርቄ «ልጄ፣ ምነው አላበህ?» ሲሉኝ አላስቻለኝም።

«መሽናት አቅቶኝ ነው እማማ! ዘጠኝ ሰዓት ከሞላ ቱቦ ሊከቱብኝ ነው። በማርያም፣ ሁላችሁም ውጡልኝ!»

ግር ብለው ወጡ። በር ላይ ቆመው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፤ ምጥ የያዘኝ ይመስል። ሰናይት ጀሪካኑን አንስታ ሳፋ ውስጥ ቀስ እያለች ማንቆርቆር ጀመረች። ፖፖውን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ። ከዚያማ ፈሰሰ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፈሰሰ!

እማማ ብርቄ ውጭ እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤት ሮጦ መጥቶ «ምን ተወለደ?» ብሏል አሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ገና ነው፤ እፈራለሁ። ሰዎቹ ሲሄዱ ሰናይት አጠገቤ ተቀመጠች። «ያኛውንስ ዶክተሯን ጠየቅካት?» አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች።

«አልጠየቅኳትም።»

«ዓርብ ቀጠሮህ ነው፤ አብረን እንጠይቃታለን» አለች።