ጨው የለውም ያለችው እናቴ

ሰኞ፣ ጁን 3

ዛሬም ላቦራቶሪ ውስጥ ቪንቹካ ላይ እንዳፈጠጥኩ ዋልኩ። የጭቃ ቤት ደም መጣጭ ትኋን። አንቴናዋ ላይ ባለች አንዲት ፀጉር ሥር ቀጭን መርፌ ሰክቼ ሽታ እነፋባታለሁ። የሽታ ሴሏ ሲነቃ ማጉያው ጠቅ ጠቅ ይላል። ሽታው ሲበረታ ጠቅታው ይፈጥናል። ከአስራ አንድ ሙከራ የሠሩልኝ አራት ብቻ። ወገቤ አለቀ።

ቤት ስገባ እህቴ ዴልፊና ታለቅሳለች። እማ የሎክሮውን፣ የበቆሎና የሥጋ ወጡን፣ ሳህን ገፍታባታለች።

«ይሄ ሎክሮ ነው? በቆሎ በውሃ ቀቅለሽ! ጨው እንኳ የለውም!»

ኤፕሪል ላይ ትኩሳት ከያዛት ወዲህ እማ እንዲህ ናት።

ሐሙስ፣ ጁን 6

እማ ስድስት ኪሎ ቀንሳለች። «ሩፊኖ፣ ይህች ልጅ በረሃብ ልትጨርሰኝ ነው። ቤቱን ፈልጋ ነው» አለችኝ። ዴልፊና በሩ ጋ ቆማ ሰማች።

እኔ እኮ ቀምሼዋለሁ... ዱባው፣ ሥጋው፣ ሁሉም እንደ ድሮው ነው። ለምን ዝም አልኩ? ደክሞኝ።

ማክሰኞ፣ ጁን 11

የላቦራቶሪው አለቃ ዶክተር ግሪሰልዳ ለአዲስ ተማሪዎች ሲያስረዱ፦ «አንድ ሴል ብቻውን አይታመንም። ለሰው ላብም ለዶሮ ኩስም ያው እሱ ይነሳል። አእምሮ ሽታውን የሚለየው የትኞቹ አብረው እንደተነሱ አይቶ ነው።» አስራ ሰባት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ግን... ሴሎቹ ሁሉም ዝም ቢሉስ?

ዴልፊና ሻንጣዋን አወረደች። እሁድ ወደ ሳልታ ከተማ፣ አክስታችን ዘንድ ልትሄድ ነው።

ዓርብ፣ ጁን 14



ለምሳ ስመጣ የጋዙ ሽታ ከደጅ ተቀበለኝ። ዴልፊና ገበያ ነበረች። እማ ራሷ ልታበስል ምድጃውን ከፍታ፣ ክብሪት ፍለጋ ጓዳ ገብታ ቆይታለች። ስደርስ ክብሪቱን ይዛ ቆማለች።

«እማ፣ ጣይው!»

«ምን ሆንክ አንተ? ምን አጠፋሁ?»

ክብሪቱን ነጥቄ ጓሮ አወጣኋት። ምንም አልሸተታትም። ምንም።

ቅዳሜ፣ ጁን 15

ዓይኗን አስጨፍኜ ሞከርኳት። ጨው... አወቀች። ስኳርም። ሎሚ ሲነካት ፊቷን አጨማደደች። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩት። «በል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

«ምላስሽ ደህና ነው፣ እማ። ጨውና ስኳር፣ ኮምጣጣና መራራ ይለያል። ምግቡን ምግብ የሚያደርገው ሌላው ሁሉ በአፍንጫ ነው የሚገባው። የጠፋው እሱ ነው።»

«ዴልፊናስ...?»

«አበሳሰሏ እንደ ድሮው ነው።»

ጨው ባልቀነሰች ልጇ ላይ ያለችውን ሁሉ እያስታወሰች ነበር መሰለኝ። «ይመለሳል?» አለች በመጨረሻ። አላውቅም አልኳት።

እሁድ፣ ጁን 16

እማ ዴልፊና አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «በድዬሻለሁ፣ ልጄ።»

«ሁለት ወር ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ተብያለሁ፣ እማ።»

«አውቃለሁ። ብትሄጂም አልቆጣም።»

ሄደች። በሩ ላይ ግን እማን ሳመቻት።

ሐሙስ፣ ጁን 27

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ወጥ ቤት ከገባሁ አስር ቀን ሆነኝ። ዛሬ የዶሮ ሾርባ፣ ሎሚ በዛ አድርጌ። እማ ሳህኑን ጨረሰች።

ዴልፊና ደወለች። እማ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ወንድምሽ ያበሰለው አይበላም!»

«እማ፣ አንቺ ጣዕሙን በምን አወቅሽ?»

«ጣዕሙንስ አላውቅም። ግን እያየሁት አይደል!»

የዴልፊና ሳቅ ከስልኩ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። ቅዳሜ እመጣለሁ ብላለች።