ባሕሩን በቀኝ አድርገን

ውድ ሮዊና፣

ብደውል ስለማታነሺ በወረቀት መጣሁብሽ። ወረቀት ቢያንስ ጆሮው ላይ አይዘጋበትም። ተናደሽ ብትወረውሪው እንኳ ቆይተሽ አንስተሽ እንደምታነቢው አውቃለሁ፤ የጀመርሽውን ሳትጨርሺ እንቅልፍ አይወስድሽም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ። ጃኪን አትቆጪያት። ልጅሽ ወሬኛ ሆና አይደለም፤ ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ።

ስትሮኩ ከጣለሽ በኋላ ማውንት ጋምቢየር እሷ ዘንድ ስትገቢ፣ ትንሽ ትረፍ ብዬ ጠበቅኩና እንደ ወትሮው የክረምቱን የፎቶ ጉዟችንን ላቅድ ደወልኩልሽ። ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ጨረቃዋ፣ የት እንደምናድር ስለፈልፍ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ። ከዚያ «ሌስተር፣ ባሕር ሰልችቶኛል። ሌላ ሰው ፈልግ» አልሽና ዘጋሽው። ባሕር ሰለቸኝ! ይህን ካንቺ አፍ መስማት፣ እኅቴ ኖሪን «የምናገረው የለኝም» ስትል እንደመስማት ነው። የሰለቻት ባሕሩ ሳይሆን እኔ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። ክፉኛ ተቀየምኩሽ። የፎቶ ክበባችን ውስጥ «ዳኛችን የት ጠፋች?» ሲሉኝ «እኔ ምን አውቃለሁ» እያልኩ ሳምንታት አለፉ።

በመጨረሻ ኩርፊያው ሲደክመኝ እንደገና ደወልኩ። ጃኪ አነሳች።

«እማዬ ተኝታለች፣ አጎቴ ሌስ።»

«በቀትር? እናትሽ? ሕፃን እያለችም በቀትር የተኛች አይመስለኝም።»

«እባክህ አታስጨንቀኝ።»

«እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ምን በደልኳት?»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። «ምንም አልበደልካትም። ግራዋን አታይም። በሁለቱም ዐይኖቿ በግራ በኩል ያለው ነገር የለም። ዐይኗ ደህና ነው፤ የተጎዳው ጭንቅላቷ ውስጥ ነው ይላል ሐኪሙ። ከሳህኗ በግራ ያለውን ድንች ትታ ‹ዛሬ ድንች የለም እንዴ?› ትለኛለች። ሳህኑን አዞርላታለሁ፤ ትስቃለች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች፤ ላንተ ደግሞ በተለይ።»

«ለምን ለእኔ በተለይ?»

«እኔ ምኑን አውቄው! ካሜራዋን እንኳ ለትምህርት ቤቱ ስጪልኝ ብላኛለች። በሚመጣው ወር ሊወስዱት ነው።»

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። የምሄድበት ኖሮኝ አይደለም። ጎኔ ያለውን ባዶውን ጋቢና ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ።

በዚያ የባሕር ዳርቻ መንገድ ፎቶ ሊያነሳ የሚወጣ ሰው ሁሉ ከእኛ ከጂሎንግ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ነው የሚነዳው። እንደዚያ ሲሆን ባሕሩ በግራ ይውላል፤ እኛም የምንነዳው በግራ፣ መሪያችንም በቀኝ ስለሆነ ከጋቢናው መስኮትና ከገደሉ መሃል ሌላ መኪና እንኳ አይገባም። ያ ወንበር ያንቺ ነበር። የእኔ ሥራ መሪውን መያዝ፣ ያንቺ ሥራ ማየት። «ቁም!» ካልሽ መቆም ነው፤ ለምን ብሎ ጥያቄ የለም። ከሎርን ወዲያ እንጨት ጫኝ መኪና ከኋላችን እያለ «ቁም!» ብለሽኝ፣ ሹፌሩ ወርዶ ሲሰድበን ምን እንዳልሽው ታስታውሻለሽ? «ጌታው፣ አንተ ትጠብቀኛለህ፤ ያ ደመና ግን አይጠብቀኝም።» ሰውዬው ስድቡን ትቶ ደመናውን ማየት ጀመረ። እና አሁን ያ መንገድ፣ ያ ወንበር፣ ያ መስኮት በሙሉ ካንቺ ዓለም በወጣው በኩል ነው። የሰለቸሽ ባሕሩ አልነበረም። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ «ቁም» ማለት ሳትችዪ እንዳላይሽ ነው የፈራሽው።

እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ሳልሞክረው የማምነው ነገር የለም። መነጽሬን አወጣሁና የሁለቱንም መስታወት የግራ ግማሽ በጥቁር ፕላስተር ለጠፍኩት። ኖሪንን «እስከ አፖሎ ቤይ ንጂልኝ» አልኳት። ስታየኝ በር ላይ ቀረች።

«ይህን አድርገህ ከእኔ ጋር? ሰው ምን ይለኛል?»

«ምን ይልሻል?»

«ባንክ ሊዘርፍ የወጣ ሽማግሌ ይዛ ትዞራለች ነዋ!»

«በግማሽ ዐይን የሚዘርፍ ምን ዓይነት ሌባ ነው?»

«አንተን የመሰለ!» እያለች ሞተሩን አስነሳች።

ጋቢና ተቀመጥኩ። ከአንግልሲ እስከ ሎርን ያየሁት የኖሪንን ጆሮና ከጆሮዋ ወዲያ ያለውን ጫካ ነው። አንገቴን ሳዞር ባሕሩ አለ፤ ስመልስ ይጠፋል። ደግሞ አዞራለሁ፤ ልናቆምበት የሚገባው ቦታ አልፏል። ያኔ እኮ ባሕሩ ራሱ ወዳንቺ ይመጣ ነበር፤ አሁን እንደ ጠፋ ቁልፍ እየፈለጉ ማግኘት ሆነ። ያውም የእኔ ፕላስተር ጥቁር ነው፤ ጃኪ እንዳለችኝ ላንቺ ጥቁር እንኳ አይደለም፣ ጭራሽ የለም። ሎርን ስንደርስ ኖሪን መኪናዋን ጥግ አስያዘች። እያለቀስኩ ነበር።

«ምነው? ፕላስተሩ ቆረቆረህ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

አፖሎ ቤይ ፓይ በልተን ሻያችንን ጠጥተን ልንመለስ ስንነሳ አንገቴ አልንቀሳቀስ አለኝ። «ከኋላ ጋደም ልበል» ብዬ ከኖሪን ጀርባ፣ በቀኝ በኩል ገባሁ። መነጽሩን ማውለቅ ረስቼዋለሁ። ከተማውን እንደወጣን ቀና ስል፣ ሮዊና፣ ባሕሩ ነበረ። ሙሉውን። ሳልፈልገው፣ አንገቴን ሳላዞር፣ በቀረኝ ግማሽ ዐይን ውስጥ ድንጋዩም፣ አረፋውም፣ ከላይ የሚበሩት ወፎችም ተራ በተራ እየገቡ ያልፋሉ።

«ኖሪን፣ ቁሚ!»

«አበድክ? ከኋላዬ መኪና አለ!»

«ቁሚ አልኩሽ!»

«እኔ ሹፌርህ አይደለሁም!» አለች፤ ግን አቆመች። መንገዱን አቋርጣ ባሕሩ ዳር ያለው ማቆሚያ ስትገባ የረገመችኝን እርግማን እዚህ አልጽፈውም።

ፕላስተሩን ሳላነሳ ካሜራዬን አወጣሁ። ፎቶው እንደ ልማዳችን በአግድም ሲሆን ግራው ይጠፋብኛል። ካሜራውን ሳቆመው ግን ጠበብ አለና ሁሉም ነገር ካየሁት ውስጥ ገባ። ክበቡ ውስጥ ስንቱን ልጅ «ባሕር ተኝቶ እንጂ ቆሞ አያምርም» ብለሽ እንዳባረርሽ አልረሳሁም። አንዱን አትሜ እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ፤ ፊትሽን ወደ ግራ ዞር አድርገሽ እይው። ሰማዩ በዝቷል ትያለሽ። በዝቷል። አንቺ ብታነሺው አይበዛም ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ጉዞውን ገልብጬ አቅጄዋለሁ። የሚጀምረው ካንቺ በር ነው። በኦገስት፣ ከደቡብ ትልቁ ማዕበል ሲመጣ፣ ማውንት ጋምቢየር መጥቼ እወስድሽና ወደ ምሥራቅ እንነዳለን። አንቺ ከእኔ ጀርባ በቀኝ መስኮት፣ ባሕሩም በቀኝ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ፊታችን ላይ ስለምትሆን ተኝተን እናረፍዳለን፤ አንቺ ይህን መቼም አትጠዪውም። ከሰዓት በኋላ ከጀርባችን ሆና ገደሎቹን ታበራልናለች። የመጀመሪያውን ሌሊት ፖርት ፌሪ እናድራለን። ከፒተርቦሮ አጠገብ ከመኪና ሳይወረድ ገደሉ የሚታይበት ማቆሚያ አለ፤ ያኔ «የሰነፎች ማቆሚያ» እያልሽ ሳልቆም ታሳልፊኝ የነበረው። ደርሼ አይቼዋለሁ፤ ሰነፎቹ ያውቁ ነበር። አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የሚባሉትን የባሕር ዓለቶች እንዘላቸዋለን፤ ሰው ይበዛል፣ መንገዱም ሁለታችንንም ያደክማል። ከዚያ አፖሎ ቤይ፣ ቀጥሎም እስከ ሎርን ያ ጠመዝማዛው።

ከመኪናው መስኮት ላይ ካሜራ የምታሳርፊበት ከረጢት ሰፍቼ ሩዝ ሞልቼበታለሁ። አዎ፣ ከመስኮት ፎቶ የሚያነሱትን «የመኪና እስረኞች» እያልሽ ስትሥቂባቸው እኔም አብሬ እሥቅ ነበር። ዘንድሮ እኛም እስረኞች እንሁን። እንደ ሚኒስትር ከኋላ መቀመጡም ያናድድሽ ይሆናል፤ የምትቀልጂብኝን ቀልድ ከአሁኑ እሰማዋለሁ። ትከሻሽ ከጎኔ ባይኖር እኔም ይከፋኛል፤ በስፖኪዮ ማየት ትከሻን ማየት አይደለም። ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር አገኘሁ። በዚህ አቅጣጫ ስንነዳ የሹፌሩም መስኮት በባሕሩ በኩል ነው። እስከዛሬ እኔ መንገዱን ሳይ አንቺ ባሕሩን ትነግሪኝ ነበር፤ ከነገርሽኝ የበለጠ አላየሁትም። አሁን ሁለታችንም በአንድ በኩል ነን።

አዝኖልኝ ነው ትይ ይሆናል። አዎ፣ አዝኛለሁ፤ አልዋሽሽም። ለራሴም ጭምር ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም አንቺ የሌለሽበት መንገድ ለእኔ ወደ ገበያ እንደመሄድ ነው። «ቁም» ማለት ቢዘገይብሽ ተመልሰን እንሄዳለን። ጨርሶ ቢያመልጠን አመለጠን። ትምህርት ቤቱን ኦገስት እስኪያልቅ ይጠብቁኝ በያቸው። ከዚያ በኋላም ካሜራውን መስጠት ከፈለግሽ አንዲት ቃል አልተነፍስም።

አሁን የቀረውን ልንገርሽ፤ በአፌ ስለማልችለው ነው ወረቀት የመረጥኩት። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ በየክረምቱ ከጉዞ ስንመለስ ቤትሽ በር ላይ አደርስሽ ነበር። ዕቃሽን አወርድልሻለሁ፣ «ደህና እደሪ» እልሻለሁ፣ መብራትሽ እስኪበራ እቆማለሁ። ልልሽ የፈለግኩትን ሳልልሽ ነው ሁሌም ሞተር ያስነሳሁት። ስሚኝ፣ ሮዊና፤ እወድሻለሁ። ለዚህ ዕድሜ የሚሆን ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ጂሎንግ ያለው ቤትሽ ተሸጧል፤ ስለዚህ በጉዞው መጨረሻ የማደርስሽ ከእኔ ቤት በቀር የለም። ቦታ አለ። ሁሉ ነገር በቀኝሽ እንዲሆን የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ አዙሬዋለሁ፤ ኖሪን «ቤቱን ሁሉ ጠማማ አደረግከው» እያለች ትሥቅብኛለች። ከወደድሽ ትቀመጫለሽ። ካልወደድሽ ጃኪ መጥታ ትወስድሻለች፤ ተነጋግረናል፣ እሺ ብላለች።

እኔ ግን ወደ ማውንት ጋምቢየር የሚመልሰውን መንገድ አላቀድኩትም። ሲመለሱ ባሕሩ በግራ ነው።

ያንቺው
ሌስተር