ከሐራጅ የተረፉት ሃያ ሁለት ኮምፒውተሮች፦ የመምህርት አስካለ ወልደየስ የሕይወት ታሪክ

መምህርት አስካለ ወልደየስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ገብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቄ አየለ፣ በቀወት ወረዳ ከሸዋ ሮቢት የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር ኅዳር 12 ቀን 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ጊዜው የማሽላ አጨዳ ነበርና፣ አዋላጇ ማጭዷን እንደያዘች መድረሷን እየሳቁ ይናገሩ ነበር።

ትምህርታቸውን በሸዋ ሮቢት ተከታትለው በደብረ ብርሃን በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም. ማጀቴ ላይ ሒሳብ ማስተማር ጀመሩ። በ1979 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤት ባለቤቱ ከአቶ ጌታነህ ሞላ ጋር ትዳር መሥርተው ፌቨንንና ሙሉቀንን አፈሩ። ወደ ሸዋ ሮቢት ተዛውረውም በከተማው ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ በትምህርት ቤቱ የቀሩት ሃያ ሁለት ኮምፒውተሮች ሃርድ ዲስካቸው ተነቅሎ በራሳቸው መሥራት የማይችሉ ነበሩ። የትምህርት ቤቱ የንብረት ኮሚቴ በሐራጅ ሊሸጣቸው ሲወስን፣ መምህርት አስካለ የአንድ ወር ጊዜ ለመኑ። ሐሳባቸው ሰርቨር የሚባለውን አንድ ዋና ኮምፒውተር አስጠግኖ ሃያ ሁለቱንም በገመድ ማገናኘት ነበር፤ ሥራውን እርሱ ይሠራል፣ እነርሱ ያሳያሉ። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው የወንድማቸው ልጅ ሚኪያስ ግን «እትዬ፣ እሱ አንዱ ከቆመ ሁሉም መቆሙ ነው» እያለ ተጠራጠረ።

«ጌታነህ ስንት ወፍጮ አለው? አንድ! ታዲያ አገሩ ጥሬ ይቆረጥማል?» አሉት።

ወሩ ሲሞላ፣ በግንቦት፣ ኮሚቴው ውጤቱን ሊያይ መጣ። ሃያ ሁለቱም በሩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን የሮቢት ሙቀት ሰርቨሩን አጠፋውና ሁሉም ባንድ ጊዜ ጨለሙ። ሰብሳቢው አቶ ሰዲቅ ሊሄዱ ሲነሡ፣ መምህርት አስካለ በሩ ላይ ቆሙ።

«ጋሼ ሰዲቅ፣ ወፍጮ ጋለ ተብሎ እህል ተጭኖ ይመለሳል? ወረፋ ይጠበቃል እንጂ! ይቀመጡ።»

«ወላሂ፣ እህል ሳልይዝ ወረፋ ያዝኩ!» ብለው አቶ ሰዲቅ ተቀመጡ።

ሚኪያስ ሰርቨሩን ተሸክሞ ግድግዳው ድንጋይ ወደሆነው ቀዝቃዛ የመጻሕፍት ክፍል ወሰደ፤ ገመዱን በመስኮት አሳለፈ። ሁሉም ዳግም በሩ፤ እስከ ማታም አልጠፉ። ሐራጁም ቀረ። ሚኪያስ ግን ዛሬም መጠባበቂያ ሰርቨር ይገዛ እያለ ይነዘንዛል።

በ2015 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ክፍሉን ተማሪያቸው ለነበሩት ለመምህርት ዙልፋ አስረከቡ፤ ከዚያም ወዲያ ቢሆን ሳያዩት የዋሉበት ቀን ጥቂት ነው። በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

አልጋ ላይ ሳሉ «ለቀብሬ ብላችሁ ክፍሉን እንዳትዘጉት» ብለው አዝዘዋልና፣ ከቀብር መልስ መምህርት ዙልፋ በሩን ይከፍታሉ፤ ተማሪዎችም ዕንባቸውን ጠርገው ይግቡ።

ለብዙዎች ልጆች የደከሙትን እኚህን እናት አምላክ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናቱን ይስጥ። አሜን።