በመስመሩ መሃል ያለው ዝምታ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያውን አስቀይረነዋል፤ እማዬ ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር አሁንም ባልዲ ፍለጋ ትነሳለች። ከቃሊቲ የሚነሳውን የከተማ ባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀምረዋል። ከባድ መኪናው ግን የትም አልሄደም፤ እንደ ድሮው በቤታችንና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እያንቀጠቀጠን ያልፋል።

የምጽፍልህ ስለ ዜማው ነው። በቀብርህ ዕለት መዘምራኑ አንተ ያስተማርካቸውን የሙታን መዝሙር በላቲን፣ በዚያው በጥንቱ የካቶሊኮች ዜማ፣ በግሪጎርያን ዘመሩልህ። ግን በኪቦርድ ነበር። አንተ በየመስመሩ አጋማሽ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም የምታሰኘንን ቦታ፣ አሁን መዘምራኑን የሚመራው ተማሪህ ዳንኤል በኪቦርዱ ሞላው። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ባዶ መስሎት ነው። ሳጥንህ አጠገብ ቆሜ እያለቀስኩ ተናደድኩ። በአባቷ ቀብር በኪቦርድ ተናደደች እንዳልባል ለማንም አልተናገርኩም።

ልምምድ ላይ ልክ ዝም ስንል ተሳቢ መኪና ሲመጣ ትዝ ይልሃል? እኛ በድምፅ ልናሸንፈው ስንጣደፍ አንተ እጅህን አግዳሚው ላይ ታሳርፋለህ። ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥተህ፣ ጆሮህ ገና ከማሽኑ ድምፅ የተነሳ እየጮኸ፣ ዝምታ ታስተምረን ነበር። መኪናው ያልፋል፣ ትንፋሻችሁ እኩል ሲሆን አብራችሁ ወደ ዜማው ግቡ ትላለህ። እኔን ደግሞ እንደ እናትሽ ችኩል ነሽ እያልክ ታሾፍብኛለህ።

ለሙት ዓመትህ ያለ ኪቦርድ እንዘምረው ብዬ ዳንኤልን ለመንኩት። ወጣቶቹ ያለ ኪቦርድ አያውቁትም፣ መሃል ላይ ብንጠፋ እንዋረዳለን አለኝ። እንግዲያው እኔ አስተምራቸዋለሁ አልኩ። ጾሙን ሙሉ ከሥራ ስወጣ በታክሲ እየተጋፋሁ ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ አለማመድኳቸው። አንዳንዶቹ ተሰላችተው ተዉት። እኔ ከመጡት ጋር ቀጠልኩ።

ትናንት በመታሰቢያ ቅዳሴህ ላይ ዳንኤል ኪቦርዱን በጨርቅ ሸፍኖ ከእኛ ጋር ቆመ። የመጀመሪያው መስመር መሃል ላይ ዝም ስንል ተሳቢው መጣ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እጄን አግዳሚው ላይ አሳረፍኩ። ማንም አልተጣደፈም። መኪናው አለፈ፣ ትንፋሻችን እኩል ሆነ፣ አብረን ገባን። እኔም አልቀደምኩም አባዬ።

ማክሰኞ ልምምድ አለን፤ ሌሎቹንም ዜማዎችህን አንድ በአንድ አስይዛቸዋለሁ። በየመስመሩ መሃል ዝም ባልኩ ቁጥር አስብሃለሁ።

ልጅህ ማርታ