ታላቅ ወደ ታናሹ ደጅ

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህ ሰብሊስ ደህና ናት? ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ተብለን ስላደግን ነው የምጠይቅህ እንጂ ያለህበትን ሁኔታ ከልጆቼ ሰምቻለሁ። ኩላሊትህ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ደምህ በማሽን እንደሚታጠብ፣ ከዚያ በቀር ከቤት እንደማትወጣ ነግረውኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ጌጤ ሰላም ብላሃለች። ሰላምታው የእሷ ነው፤ የእኔ አይደለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ታቋርጠኛለህ። ወረቀት ላይ ግን እስክጨርስ ድረስ መስማት ግድህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቼ አቢጋኤልና ሲላስ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶላቸው እዚህ ከእኛ ጋር ናቸው። ሦስት ቀን አዲስ አበባ ውሰደን አሉኝ። እሺ፣ እቅድ አቅርቡ አልኳቸው። ሲላስ ምህንድስና ይማራል፤ ነገ ድልድይ ሥራ ተብሎ ሰው አደራ የሚሰጠው ልጅ ነው። ይዞልኝ የመጣው እቅድ ግን ጠዋት በርገር፣ ከሰዓት ፎቶ፣ ማታ መብራት ይላል። የምን መብራት ብዬ ብጠይቀው የመንገድ ዳር መብራት አለኝ። ለዚህ ነው እንግዲህ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠን የምንንገላታው! ለዚህ ከሆነ እዚሁ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ወርዳችሁ ጁስ ጠጡ፣ ፎቶውንም እዚያው ተነሱ አልኳቸው። የሕክምና ተማሪዋ አቢጋኤል ያዘጋጀችው ትንሽ ይሻላል፤ ሁለተኛውን ቀን ግን ባዶ ትታዋለች። ይሄስ ስላት ዓይኔን ሳታይ አጎቴ ጋ አለች።

እቅዱን መለስኩላት። ለምን እንደመለስኩት አንተ ታውቃለህ፤ እነሱ ስለማያውቁ አስቀምጬ ነገርኳቸው። አገራችን ገረሴ ላይ፣ በእናታችን ለቅሶ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ከእኔ በፊት ተነስተህ ለቀስተኛውን አመሰገንክ። ባይራው እኔ ነኝ፤ የቤቱ በኩር። በጋሞ ቤት በኩሩ ሳይናገር ታናሽ አፉን አይከፍትም። አንተ ግን የአዲስ አበባ ሱፍህን ለብሰህ፣ ማይክ እንደለመደ ሰው ጉሮሮህን ጠራርገህ ቀጠልክ። ንግግሩም ንግግር ቢሆን አንድ ነገር ነበር! ያንኑ ነገር ደጋግመህ አሰልችተኸን፣ ሌሊቱን በእግራቸው ከደጋ የወረዱትን የአባታችንን ወንድም ሳትጠራቸው ተቀመጥክ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እየጠበቅሁህ ነው። የበደለ ታናሽ ወደ ታላቁ ደጅ ይመጣል እንጂ ታላቅ ወደ ታናሹ ደጅ አይሄድም። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም።

ሲላስ ሰምቶ ሲያበቃ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ታዲያ አባዬ፣ ማሽኑን ተሸክሞ ይምጣ? አለኝ። ዝም በል አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ለስብሰባ ስወጣ ሁለቱም እርጥብ ሳር ይዘው በሩ ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። ሽማግሌዎቻችን ሳር ይዘው ፊትህ ከተንበረከኩ፣ የቱንም ያህል ብትቆጣ አልፈሃቸው እንደማትሄድ ታውቃለህ። ሽማግሌዎች ግን! ጢሙን ገና ያላበቀለ ልጅ በገዛ አባቱ ፊት ሳር ሲይዝ የት አይተሃል? ሳሩም ቢሆን ከጎረቤታችን ሆቴል ግቢ የተነጨ፣ አትክልተኛው በመቀስ የሚያስተካክለው የጌጥ ሳር ነው። ሲላስ ደግሞ የተንበረከከው በአንድ ጉልበቱ ነበር፤ ቪዲዮ ላይ ቀለበት እንደሚያጠልቅ እጮኛ። ሁለቱንም ጉልበት ነው አንተ አልኩት። ሁለተኛውንም አወረደ። አቢጋኤል ሳቅ ሲያመልጣት አፏን በሳሩ ሸፈነች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። አባዬ፣ አጎቴ እየቀለለ ነው፣ በስልክ ድምፁ እንኳ ቀሏል አለች። ሐኪም የምትሆን ልጅ እንዲህ ካለቀሰች በሽተኛው ምን ይሁን?

ጌጤ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ በል ጀግናው፣ እለፋቸው እንጂ፣ ሚኒባሱ ሊያመልጥህ ነው አለችኝ። ሚኒባሱ ጡሩምባውን ነፍቶ ነፍቶ ያለ እኔ ወደ ሲቀላ ወረደ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፤ በሳር አላምንም። እግሬ ግን አልነሳ አለኝ። ተነሱ፣ ልብሳችሁን አታቆሽሹ አልኳቸው። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። እነሱ እሺ እንዳልኩ ቆጥረው እዚያው ተንበርክከው ሳሉ ለሰብሊ ደወሉላት። ስለዚህ ታረቀ ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። በእንዲህ ያለ ቀልድ እርቅ አይቆምም።

መምጣታችን ካልቀረ ግን በሥርዓት ይሁን። ማክሰኞ ማታ እንደርሳለን፤ ረቡዕ አንተ ዘንድ ነን። ሙዝና ማንጎ ይዘን አንመጣም። ከአርባ ምንጭ ባዶ እጁን የሚመጣ እንግዳ ምን እንደሚባል አጥቼው አይደለም፤ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ለአንተ ኩላሊት መርዝ መሆኑን አንብቤያለሁ። ሰብሊ ጎረቤት አምጥቶላት ከሆነም ከቤት ታውጣው። የሚበላና የማይበላውን ጽፌ በአቢጋኤል ስልክ ልኬላት ነበር፤ አቢጋኤል ከራሷ እንደላከችው አድርጋ ነው የነገረቻት መሰለኝ።

ልጆቹ ዓርብ ይመለሳሉ። እኔ አብሬያቸው አልመለስም። ከመሥሪያ ቤቴ የሁለት ወር ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ፈቃዱን የጠየቅሁት ልጆቹ የጉዞ ወሬ ሳያነሱ ነው። ይህን እንዳትነግራቸው። አባታችንን አሸነፍነው ብለው ይደሰቱ። የምታውቀው ጌጤ ብቻ ናት፤ ቅዳሜ በሩ ላይ የቀለደችብኝም ለዚህ ነው። ሐሙስ ጠዋት አንተ ማሽን ላይ በምትተኛበት ሕንጻ ውስጥ ቀጠሮ አለኝ። ምንም ሳልቀምስ እንድሄድ ስለታዘዝኩ ሰብሊ ቁርስ ብላ እንዳታስቸግረኝ። አንተም ምን ልታደርግ ነው ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ሐኪምህ አንዳንድ ነገር ያውቃል፤ ዝም እንዲል ለምኜዋለሁ። ከአንድ ማሕፀን ስለወጣን የምርመራው ውጤት ከአንተ ጋር ይስማማል የሚል ግምት አለው። የእሱ ግምት ነው።

ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት መያዝህ ሳታስብ የምትሠራውን ሁሉ ይመስላል። ስንደርስ እንግዳ ልቀበል ብለህ ከላይ እንዳትወርድ። ደረጃው ላይ ባገኝህ እዚያው ፊቴን አዙሬ ወደ መናኸሪያ ነው የምሄደው። በሩን ከፍተህ ተቀመጥ። እኔ እወጣለሁ።

የእናታችን አምላክ ቀንህን ያርዝመው። ቤትህን ይባርክ፤ ሰብሊንም ያበርታት። እስክንገናኝ በማሽኑም በሌሊቱም ከአንተ አይለይ።

ታላቅ ወንድምህ