ላምባ ለተርከፈከፈበት ማዕድ ባለቤት

ለተከበሩ የፊልም ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ምግብስ ይስማማዎታል? በፊልምዎ ውስጥ የተራበ ሕዝብ ሆነን የምንተውነው አጃቢዎች ከወገብ ሕመምና ከድካም በቀር ደህና ነን። እኔ ቁጥር አርባ ሰባት ነኝ። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ብሆንም፣ ደረቴ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ስለበቃ ስሜን የጠየቀኝ የለም።

ፊልሙ ስለ መጪው ክፉ ዘመን መሆኑ ተነግሮናል። ገዢዎች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ይበላሉ፤ ስሙን የተነጠቀው ሕዝብ በቁጥር እየተጠራ አንድ ጭልፋ ሾርባ ይቀበላል። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለው በአንድ መስመር የጨረሱትን፣ እርስዎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሊያስረዱን ስለደከሙ እናመሰግናለን። ቅሬታዬንም በቁጥር አቀርባለሁ፤ ድርጅትዎ ቁጥር ይወዳልና።

፩ኛ. በምሳ ሰዓት ዋና ተዋንያን ድንኳን ውስጥ ሲቀመጡ፣ እኛ ከጭነት መኪናው ጀርባ በደረት ቁጥራችን ተሰልፈን አንድ ጭልፋ ሾርባ እንቀበላለን። የመጀመሪያውን ሳምንት ካሜራው የሆነ ቦታ የተደበቀ መስሎኝ በትጋት ስተውን ነበር።

፪ኛ. የገዢዎቹን ማዕድ የምታዘጋጀው ባለቤቴ ናት። ሠላሳ ዓመት በሆስፒታል ወጥ ቤት ስትሠራ፣ ራሷ ያልቀመሰችውን ለሰው አቅርባ አታውቅም። እርስዎ ግን አጃቢዎቹ እንዳይነኩት በምግቡ ላይ ላምባ እንዲርከፈከፍ አዘዙ። እሷም ለረዳትዎ «ቀምሼ የማላቀርበውን አላቀርብም፤ ላምባ ደግሞ አልቀምስም» ብላ ጠርሙሱን እንደታሸገ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠችው። ይህን እኔም የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

፫ኛ. ሕዝቡ የሚያምፅበት ትዕይንት ሲቀረጽ፣ ሮጠን ጠረጴዛውን እንድንገለብጥ ታዘዝን። ስንደርስ የሸተተን ዳቦ ብቻ ነበር። በዕድሜ እናታችን የምትሆነው ቁጥር አሥራ ሁለት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እኛም ተከተልናት። ጠረጴዛውን መገልበጥ ማን አስታወሰው? አላፍርም፣ እየበላሁ አለቀስኩ፤ ሲያበስል እኔን ያሰበ ሰው መኖሩን ምላሴ ነገረኝ። ዳይሬክተሩ ካሜራውን ሳያቆም «ይኼ ነው እንጂ ረሃብ!» እያለ ጮኸ። በማግስቱ የዚያን ትዕይንት ፎቶግራፍ ቢሮዎ በር ላይ ሰቀሉት፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባለቤቴን «ትእዛዝ በመጣስ» ብለው አሰናበቷት።

ከዚያ ወዲህ ለሁለታችን ታበስላለች፣ ትቀምሳለች፣ ማንኪያውን አስቀምጣ «እጄ ምን አጠፋ?» ትላለች። ሰው ፊት ሆድ ይፍጀው ብዬ ብተወው ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ደከመኝ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ወደ ምድጃዋ ይመልሷት።

ከማዕድዎ አንድ ጭልፋ ርቀት ላይ በፍጹም ትሕትና የሚቆመው፣

ቁጥር አርባ ሰባት

መጻፍ የረሳሁት፦ ሰኞ ያው ትዕይንት ስንጎርስ በቅርበት እንደሚቀረጽ፣ አዲሱ ወጥ ሠሪም ትእዛዝዎን አክብሮ ላምባውን እንደሚያርከፈክፍ ሰምተናል። ስልሳዎቻችን አጃቢዎችም በሰዓቱ እንገኛለን። ሆኖም ያልተቀመሰ ላንጎርስ ተስማምተናል፤ ቀማሿን ያሰናበቱት እርስዎ ስለሆኑ፣ ማንኪያ አዘጋጅተን እንጠብቅዎታለን።