የሰባ አንድ ዓመቱ ልጅ

አሰብ፣ ግንቦት 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፣

«አሰብ ሽማግሌ የለም» ሲል ሰማሁት፣ የመሥሪያ ቤታችንን ክሊኒክ ጸሐፊ አቶ ይልቃልን፣ አጠገቡ ላለችው ነርስ። አመንኩት። ቤት ገብቼ ለአባባ «እርስዎ እኮ እዚህ የሉም» አልኳቸው። በሚታዘዝላቸው ግማሽ አፋቸው ሳቁ።

ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬን ይቅር በለኝ። እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? የደሴ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ሙቀቱ ገብቷል፤ የታይፕ ማሽኑ ጣት ይጠብሳል ብልህ የማጋንነው ትንሽ ነው።

አባባን ደም ብዛት ጣላቸው። ግራ እጅና እግራቸው አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ድሬሰሩ ዓይናቸውን ገለጥ አድርጎ አየና «ይኼ እርጅና ነው፤ መድኃኒት የለውም» አለ። ለእርጅና ካርድ ለምን እንዳወጣልን አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ወደ ክሊኒካችን ሄድኩ። የሕክምና መጠየቂያ ቅጹ ላይ «ቤተሰብ» የሚል መስመር አለ፤ ቤተሰብ ማለት ባል ወይም ሚስት፣ ልጅም ነው። አባት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሠራተኛው ሁሉ በመርከብ ተጭኖ የመጣ ይመስል። አቶ ይልቃል አዘነልኝ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኅቴ፣ ልጅ በሚለው ላይ አስገቢያቸው፤ ማን ያያል?» አለኝ። አስገባኋቸው። ስም፦ ወሰኔ። ዕድሜ፦ ሰባ አንድ። በሦስተኛው ሳምንት ማኅተም ያለበት መልስ መጣ፦ ልጁ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ስለሆነ፣ ተማሪ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከትምህርት ቤቱ ይቅረብ።

ሳነብላቸው አባባ «ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ግን የኔታ ሞተዋል፣ ማን ይፈርምልኛል?» አሉ። እሳቸው ሳቁ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩና ክሊኒኩ ውስጥ ጮህኩ። እጁን ሊያስጠቀልል የተቀመጠ የወደብ ጫኝ «የክሬኑ ሰውዬ ድምፅ አይሰማንም፤ ምነው አንቺን በቀጠሩልን!» አለኝ።

እርዳታ ያገኘሁት ከግድግዳው ማዶ ነው። ጎረቤቴ ራቢዓ፣ በይሉል በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ አማቷን አምስት ዓመት አስታማ ቀብራለች። አንድ ቀን ገባችና «ጀርባቸውን አሳዪኝ» አለች። አየች። ሰደበችኝ። ቆዳቸው ሊላጥ ደርሶ ነበር። በየስንት ሰዓቱ እንደሚገላበጡ፣ በጉልበታቸው መካከል ጨርቅ እንደሚገባ፣ ሾርባው ትን ሳይላቸው እንዴት እንደሚሰጥ አሳየችኝ። ይኼንን የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ ስንት በር አንኳኳሁ! ባሏ ሑመድ ወደብ የሚሠራው የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ፣ እኔ ቢሮ ስውል አባባን እሱ ያነሳቸዋል፣ እሷ ታዝዘዋለች። ባለፈው «አንቺንስ ማን ያገላብጥሻል?» አለችኝ። ተቆጣኋት። እንባዬ ስለመጣ ነው።

አሁን ሑመድ የአባቱን ጀልባ ሊረከብ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ሁለቱም ወደ በይሉል ይሄዳሉ። አለቃዬ ደግሞ ሥራ አቋርጬ ከወጣሁ እንደሚያሰናብተኝ በደብዳቤ አስጠንቅቆኛል። ደብዳቤውን በታይፕ የመታሁት ራሴ ነኝ።

አንተስ? ደብዳቤህ ሁሉ አራት ገጽ ነው፤ ስለ አዲሱ ቤትህ ቆርቆሮ ብቻ አንድ ገጽ። ከታች ጥግ ላይ «አባባን ሳሚልኝ»። ሳምኩልህ፤ በሚሰማቸው ጉንጫቸው በኩል። አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ይነሳሉ? ማን ያጥባቸዋል?» ብለህ አልጠየቅክም። በኩር ልጃቸው አይደለህም? ምን ዓይነት ልብ ነው እግዚአብሔር የሰጠህ? ሰኔ ሳይገባ ና። ጋቢ አትላክ፤ ጋቢ ሰው አያነሳም። አንተ ራስህ ና።

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅልህ። ልጆችህም ስትደክም የሚያነሱህ ይሁኑልህ።

እኅትህ

ልረሳው ነበር፦ አባባ ከወደቁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌልሃለሁ። ሁሉም «አባባ ደህና ናቸው» ይላል።